ስለ መጥረቢያና ስለ ልቡና

መጥረቢያ ከምን ተሠራ ቢባል ከብረትና ከእንጨት ነው። ከብረትና ከእንጨት ግን ማጭድም ይሠራል። መጥረቢያን መጥረቢያ ያሰኘው እንጨት መቍረጡ ነው።

አርስጣጣሊስ የሚባል የግሪክ ፈላስፋ ይህን ነገር አጥብቆ መረመረ። እርሱም ጌታችን ከመወለዱ 384 ዓመት አስቀድሞ ስታጊራ በምትባል ከተማ ተወለደ። ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፉ መጥረቢያንና ዓይንን ምሳሌ አደረገ። የመጥረቢያ ሥራው መቍረጥ እንደ ሆነ የዓይንም ሥራው ማየት ነው፤ የማያይ የድንጋይ ዓይን በስም ብቻ ዓይን ይባላል። ይህ እውነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተሣሉት መላእክት ዓይናቸው እጅግ ትልቅ ነው፤ ዝንብ ቢያርፍበት ግን አይጨፈንም።

የሚያስበው፥ የሚያስታውሰው፥ የሚወደው ልቡናስ? እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ሒላሪ ፓትናም የሚባል የአሜሪካ ፈላስፋ ልቡናም የሚታወቀው በሥራው ነው ብሎ ጻፈ። ልጅ ጣቱን እሳት ሲነካው ይጮኻል፥ እጁንም ፈጥኖ ይሰበስባል፥ ከዚያም በኋላ እሳትን ይፈራል። እንደ ፓትናም ነገር ከሆነ ሕመም ማለት እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ነው፤ የሚሠራው በሥጋ ቢሆን በሌላ ነገር ቢሆን ልዩነት የለውም። ኋላ ግን ፓትናም ይህን ትምህርቱን ራሱ ተወው።

ትምህርቱ የብልህ ሰው ትምህርት ነው፤ ሰውን ለመመዘን ሲወሰድ ግን ያስፈራል። አንዲት አያት እጅግ አርጅታ የልጅ ልጆችዋን ስም ረሳች፤ ጥጥ መፍተልም አቃታት፤ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ትጠይቃለች። በሥራ ብቻ የሚመዝን ይህች ሴት እንደ ተሣለው ዓይን በስም ብቻ ሰው ናት ሊል ነው። የሚሥቁባት ልጆች ይህን ቃል ባይናገሩትም ሐሳባቸው ይኸው ነው። ፈጽመውም ተሳስተዋል።

መጥረቢያ የሚቈርጠው ለባለቤቱ ነው እንጂ ለራሱ አይደለም፤ ስለቱ ቢዶለዱምም አያዝንም። አርስጣጣሊስም ይህን ለይቶታል፤ መጥረቢያ በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ ነው፥ ሕያው ፍጥረት ግን የመንቀሳቀሱን ምንጭ በራሱ ውስጥ ይዟል ብሎ። አያቲቱ ሲበርዳት ጋቢዋን ትስባለች፤ ሲመሽ ብቻዋን መሆን ትፈራለች። ይህ የማንም ጌታ ሥራ አይደለም፤ የራስዋ ነው። የልጅ ልጅዋን ስም ብትጠየቅ አታውቀውም፤ አጠገብዋ ሲቀመጥ ግን እጁን ይዛ አትለቅም።