ርእሰ አንቀጽ፤ የትልቁ ሆቴል በር

ተመራቂ ተማሪዎች በዚህ ዓመት ለጥናት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የት ይደሩ የሚለው ጥያቄ በማኅበራችን ጉባኤ ላይ ከተነሣ ወዲህ ግቢያችን ለሁለት ተከፍሎ ሰንብቷል። አንደኛው ወገን፣ ከጉዞው ሌሊቶች አንዲቱን በከተማይቱ እምብርት በሚገኝ ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴል እንደር፤ ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ አይታወቅም ይላል። ሁለተኛው ወገን የዚያች የአንድ ሌሊት ኪራይ ከገነተ ማርያም፣ ከባምባሲና ከኩርሙክ ለመጣ የገበሬ ልጅ የስንት ወር የደብተርና የሳሙና ወጪ እንደሚሸፍን አስልቶ ይጮኻል። ሁለቱም ወገኖች ይህ ጋዜጣ ይፍረደን ብለዋል። ፍርድ የዳኛ ነው፤ ሐሳባችንን ከመናገር ግን ወደ ኋላ አንልም።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይነገር። የተመቸ አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላና ሙቅ ውሃ ኃጢአት አይደሉም። በልጅነቱ ጀሪካን ተሸክሞ ወንዝ የወረደ ሁሉ ይህን ያውቃል። በጉባኤው ላይ «ቅንጦት የባለጌ ነው» እያሉ ጠረጴዛ የደበደቡት ወንድሞቻችን፣ ነገ ሥራ ይዘው ደመወዝ ሲቀበሉ በዚሁ ቃላቸው ይጸኑ እንደ ሆነ እናያለን። ስለዚህ ክርክሩ በምቾት ላይ አይደለም። ክርክሩ ታሪክ ባለበት ስፍራ የቆመ ሆቴል በሩ ለማን ይከፈታል በሚለው ላይ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከፒያሳው ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተሻለ መምህር አናገኝም። አዲስ አበባን የቆረቆሩት እቴጌ ይህን ቤት ሲያሠሩ፣ በአገራችን ምግብን በገንዘብ መሸጥና መግዛት እንደ ነውር የሚቆጠር ነበር። እንግዳ የእግዜር ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መርቆ ይሄዳል። መኳንንቱም ከቤተ መንግሥት ግብር ሲበሉ የኖሩ ናቸውና ለአንድ ሳህን ወጥ ኪስ መዳበስ ውርደት ይመስላቸው ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ወግ እንደሚለው፣ ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳቡንም ከፍለው አሳይተዋል። ወጉ ተጨምሮበት ይሁን ተቀንሶበት፣ አሳቡ ግልጽ ነው፤ ያ ሆቴል የተከፈተው ሰውን ለማስገባትና አዲስ ልማድ ለማስተማር ነው፤ ሰውን ለመለየት አይደለም።

ሆቴሉ እነሆ ከ110 ዓመት በላይ ሆነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣው እሳት ጃዝአምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት ከነትዝታው ተቃጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የፒያሳ መንደሮች፣ እነ ዶሮ ማነቂያ ጭምር ፈርሰው፣ በዚያ ተወልደው ያረጁ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እዚያው ፒያሳ ተመርቋል። ይህን ስንጽፍ የፈረሰውን መንደር ገነት አድርገን ለመሳል አንፈልግም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው ለስንት ቤተ ሰብ አንድ የሆነ ሰፈር ነበር፤ «ቅርስ ነው» እያሉ በሌላ ሰው ጭቃ ቤት መፎከር ቀላል ነው። ዳሩ ግን ታሪካዊ ከተማ ማለት ግንብ ብቻ ነውን? ቡና አፍልተው የሚጠሩ ጎረቤቶች፣ የጫማ ጠጋኙ ጥላ፣ የወርቅ ሠሪዎቹ ሱቆች፣ ይህ ሁሉ ሲሄድ በሆቴሉ መስኮት የሚመለከት እንግዳ ምን ያያል? ሰፊ መንገድና መብራት ያያል። መንገድና መብራትማ በየትም አገር አለ።

ባለፈው ዓመት ለጉዞ ከሄዱት ጓደኞቻችን መካከል አምስት የሚሆኑት በአንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ የደረሰባቸውን ነግረውናል። ሻይ ጠጥተን እንውጣ ብለው ገንዘብ አዋጥተው ቢሄዱ፣ ጥበቃው ከጫማቸው ጀምሮ እስከ ጸጉራቸው አይቶ «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አላቸው። ሻይ ፈልገን ነው ቢሉ «ሻይ ከታች አለ» ብሎ ወደ አስፋልቱ ጠቆማቸው። ስማቸው በነጭ እንግዳ ፊት ተጠርቶ አያውቅም እንጂ እነዚህ ልጆች ሌቦች አይደሉም። የሆቴሉን ስም አንጠራም፤ አንድ ጥበቃ ስለ ሁሉም አይመሰክርምና። ነገር ግን ያ ዘበኛ ራሱ ምናልባት በዚያ ሆቴል አንድም ቀን ሻይ ጠጥቶ አያውቅም፤ ይህ ነው ልባችንን ያሳዘነው።

በሌላው ዓለም እንዴት ይሠራሉ ብለን ብንመለከት መንገዱ ብዙ ነው። እስፓኞች ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጌ ግንቦችንና ገዳማትን በመንግሥት እጅ ወደ ማደሪያነት ለውጠው ከመፍረስ አድነዋል። በኢስታንቡል አሮጌው ከተማ ውስጥ የቀድሞ እስር ቤት የነበረ ሕንጻ ዛሬ የባለጸጎች ሆቴል ነው፤ ታሳሪው በነጻ ያድርበት የነበረውን ክፍል ቱሪስቱ በብዙ ገንዘብ ይተኛበታል። ከሁሉ የሚገርመን የሐቫና ነገር ነው። በኩባ ዋና ከተማ የከተማይቱ የታሪክ ጸሐፊ መሥሪያ ቤት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የራሱን ሆቴሎች እንዲያስተዳድር ተፈቅዶለት፣ ከእንግዳ የሚገኘውን ትርፍ አሮጌ ቤቶችን ለማደስና በዚያው ሰፈር ለሚኖሩት ድኾች ለትምህርት ቤትና ለአረጋውያን እርዳታ ያውለው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ሆቴሎቹ ከመሥሪያ ቤቱ ተወስደው ለወታደሩ ኩባንያ ተሰጡ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ዘበኛ ከሌለው እንደማይዘልቅ ከዚህ እንማራለን። በአገራችንም የሐረር ጀጎል ሰዎች የራሳቸውን የአደሬ ቤት ለእንግዳ ሲያከራዩ እናያለን። በዚያ ገንዘቡ ከእናት መቀነት አይርቅም፤ እንግዳውም ከግድግዳው ይልቅ ሰዎቹን ያውቃል።

ይህ ሁሉ ለአሶሳ ምኗ ነው የሚል ካለ፣ በጉባ ወረዳ የተሠራው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን እናስታውሰው። የንጋት ሐይቅ ሞልቷል፤ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨውን ግድብ ለማየት ሰው መምጣቱ አይቀርም። ዛሬ ባይሆን ነገ በክልላችን ትላልቅ ሆቴሎች ይሠራሉ። ያኔ የበርታው ገንፎና የባሚያ ወጥ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ይኖራልን? የቀርከሃው ወንበር ከዚህ ከእኛው ጫካ ይሠራል ወይስ ከውጭ አገር በመርከብ ይመጣል? የጉሙዙና የሺናሻው ልጅ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ጠረጴዛ ጀርባ ይቆማል ወይስ ዱላ ይዞ በሩ ላይ? እነዚህን ጥያቄዎች አሁን ካላነሣናቸው ሕንጻው ከቆመ በኋላ የሚሰማን የለም።

እንግዲህ ወደ ተመራቂዎቹ ጉዞ እንመለስ። ባለ ኮከቡን ሌሊት እንቃወማለን። ምክንያታችን ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ሆቴል የሚታወቀው ከአልጋው ይልቅ ከወጥ ቤቱና ከልብስ ማጠቢያው ነው፤ ተኝቶ የነቃ ተማሪ ፍራሹ ለስላሳ መሆኑን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ የጉዞው ኮሚቴ በትምህርት ክፍሉ በኩል ደብዳቤ አጽፎ ከትልልቆቹ ሆቴሎች አንዱን ከጀርባ በሩ ገብተው እንዲጎበኙ ያድርግ። አንሶላው በቀን ስንት ይታጠባል፣ ሥጋው ከየት ይመጣል፣ ምግብ አብሳዩ ምን ተማረ ብለው ይጠይቁ። ማደሪያው ንጹሕ አልቤርጎ ይሁን። አንዱን ምሳ ግን በጣይቱ ሆቴል ይብሉ፤ የታሪክ መምህራችንም ያን የግብርና የሒሳብ ወግ እዚያው ከአሮጌው የእንጨት ደረጃ አጠገብ ቆመው ይንገሯቸው።

ከዚያም ወደ ሸጎሌ ይውረዱ። አውቶቡስ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ የሚጠሩት ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእኛው ከአሶሳው ገዥ ከሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? የወርቅ አገር ሹም የነበሩት ሼኽ በአዲስ አበባ ያሠሩት ቤት የተሠራው በዚያ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ የአያቶቹን ሹም ቤት ሳያይ በባዕድ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚመለስ ተማሪ፣ ጉዞው የጥናት ጉዞ ነበር ለማለት አፉን ሞልቶ አይናገርም።

በዚህ መንገድ የሚተርፈው ገንዘብ የጉዞውን መዋጮ መክፈል አቅቷቸው ስማቸውን ላላስመዘገቡ ልጆች ይዋል። እንዲህ ያሉ መኖራቸውን እናውቃለን፤ አፍረው አይናገሩም እንጂ። መምህራንም በየክፍላቸው ያሉትን በዝግታ ጠይቀው ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ቢያስታውቁልን ደግ ሥራ ይሆናል። ከዚህ የተለየ አሳብ ያለው ሁሉ ጽሑፉን ከመጪው ጉባኤ በፊት ለዝግጅት ክፍሉ ቢያደርስ፣ ሳንቆርጥ እናወጣለን።