የምሳ ዕቃው ስብከት

የጃፓን አኒሜ የምታዩ፣ ማንጋ የምታነቡ፣ ጌም የምትጫወቱ ወጣቶች ሆይ! ስለ እነዚህ ነገሮች የምትሰሙት ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጭራቁና ስለ አጋንንቱ ነው። እኔ ግን ስለ ምሳ ዕቃው ልናገር። ጭራቁን ስታዩ ትጠነቀቃላችሁ፤ ምሳ ዕቃውን ስታዩ ትስቃላችሁ። እየሳቅን የተቀበልነውን ትምህርት ደግሞ አንመረምረውም።

በትምህርት ቤት ታሪኮች ውስጥ የሚደጋገመውን ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ማለዳ ተነሥታ ለወደደችው ልጅ ቤንቶ፣ ማለትም ምሳ ዕቃ፣ ታዘጋጃለች። ከጣፈጠ ለትዳር የምትሆን ናት ትባላለች፤ ካልጣፈጠ መሳቂያ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1987 በጀመረው «ራንማ» ውስጥ አካኔ ብርቱ ተፋላሚ ናት፤ ምግቧ ግን ሁልጊዜ መቀለጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ፐርሶና 4» ጌም ሴቶቹ ልጆች በካምፕ የሠሩት ካሪ የማይበላ ሆኖ ይወጣል፤ ወንዶቹም ያማርራሉ። ቀልዱ የቆመው «ሴት ከሆነች ማብሰል መቻል አለባት» በሚል ሐሳብ ላይ ነው።

«ወንዶችስ ያበስሉ የለም እንዴ? የ‹ዋን ፒስ› ሳንጂስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሳንጂ የተራበ ሰው አይቶ የማያልፍ ድንቅ ወጥ ቤት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን አስተውሉ። ወንዱ ሲያበስል ሙያና ክብር ነው፤ ሴቷ ስታበስል የሴትነቷ ፈተና ነው። የሳንጂ ምግብ ቢያርበት ወንድነቱን የሚጠራጠር የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረው «ኩኪንግ ፓፓ» ይህን ገልጦ ያሳያል፤ ቤተሰቡን አብስሎ የሚመግበው አባት መሥሪያ ቤት ሲደርስ ምግቡን የሠራችው ሚስቴ ናት ይላል። መልካም ሥራውን እንደ ነውር ይደብቃል!

ይህ የጃፓን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ ነበር። የሚያስቀን ግን እኛም ቤት ስላለ ነው። የወጣቶች ፕሮግራም ሲያልቅ ብርጭቆ የሚያጥቡት እነማን ናቸው? እህቶች በጓዳ፣ ወንድሞች በጊታሩ ዙሪያ። እዚያም «ስለ አገልግሎት» እናወራለን!

የምንከተለው ጌታ ግን ከትንሣኤው በኋላ፣ ሞት ድል ተነሥቶ ሳለ፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ የደከሙ ደቀ መዛሙርቱን ቁርስ አበላ። ቤተ ክርስቲያን ለማዕድ አገልግሎት የመረጠቻቸው ሰባቱም በመንፈስ የተሞሉ ወንዶች ነበሩ፤ እስጢፋኖስ አንዱ ነው። ማርያም ለመማር በእግሩ ሥር በተቀመጠች ጊዜም ጌታ ወደ ጓዳ አልመለሳትም። ታዲያ ማጀት ለወንድ ውርደት ነው ብሎ ያስተማረን ማን ነው? ወንጌል አይደለም።

አኒሜውን ጣሉት አልልም። ስትስቁ ግን «በማን ላይ ነው የምስቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። እህቴ ሆይ፣ ዋጋሽ በደም የተከፈለ ነው፤ በድስት አይለካም። ወንድሜ ሆይ፣ በሚመጣው ፕሮግራም ጊታሩን አስቀምጥና ብርጭቆውን እጠብ። ማንም እንዲያጨበጭብልህ ግን አትጠብቅ፤ ለእህቶችህ ያጨበጨበላቸው የለምና።