የዝናቡ መጠን ብቻ ሳይሆን አጣጣሉም እየተለወጠ ነው

ክረምት በመጣ ቁጥር አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ የሚጠይቀው "ዘንድሮ ዝናቡ በቂ ነው ወይ?" ብሎ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ በሚገኘው የሳህል ቀጣና የተደረገ ጥናት ግን "ዝናቡ እንዴት እየጣለ ነው?" የሚለው ጥያቄም አብሮ መነሳት እንዳለበት ያሳያል።

እ.ኤ.አ በ2017 "ኔቸር" በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት የ35 ዓመታት የሳተላይት መረጃ መርምሯል። እ.ኤ.አ ከ1982 ወዲህ በቀጣናው እጅግ ኃይለኛ የሆኑ ነጎድጓዳማ ዝናቦች ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ ማደጉንም አረጋግጧል።

ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚፈጠረው አየር መረጋጋቱን ሲያጣ ነው። ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ እርጥበት አዘሉ አየር ቀልሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና እንፋሎቱ ደመና ይሆናል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር መያዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ዶፉ የመክበድ ዕድሉ ይሰፋል።

በሳህል የታየውን ለውጥ ግን እርጥበት ብቻውን አያብራራውም። የሰሃራ በረሃ ከደቡቡ አካባቢ ይልቅ ፈጥኖ መሞቁ፣ በዝቅታና በከፍታ በሚነፍሱ ነፋሳት መካከል ያለውን ልዩነት አጉልቶታል። ይህም ደመናው ተደራጅቶ ለረዥም ሰዓት እንዲጓዝ ይረዳዋል። ስለዚህ የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ እምብዛም ሳይጨምር ኃይለኛ ዶፍ ሊበዛ ይችላል።

የዚህ ዓይነቱን ዶፍ መዘዝ ቡርኪና ፋሶ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ በመስከረም 2009 በዋና ከተማዋ ዋጋዱጉ ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ260 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ለጉዳት ተዳርገዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ሳህልን አቋርጠው ወደ ምዕራብ ከሚጓዙት ነጎድጓዳማ ደመናዎች ከፊሎቹ የሚፈጠሩት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ነው። ተራራማው መልክዓ ምድር የራሱ የዝናብ ጠባይ ስላለው የሳህሉ ውጤት እንዳለ ለኢትዮጵያ አይወሰድም። ድንገተኛ ዶፍ የሚያደርሰው ጥፋት ግን እዚህም የታወቀ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ከዙሪያው ተራሮች የወረደ ጎርፍ ድሬዳዋን በሌሊት አጥለቅልቆ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

በዝግታ የወረደ ዝናብ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በአንድ ጊዜ የወረደ ዶፍ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። በመሆኑም የማሳ እርከን፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና በወቅቱ የተጠረገ የከተማ ፍሳሽ ማስወገጃ፣ ዝናቡ መጠነኛ ይሆናል ተብሎ በሚጠበቅበት ዓመትም ችላ ሊባሉ አይገባም።