«ፎንቱ የለውም»

በየጽሑፍ ቤቱ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አቤቱታ አለ፤ «ፋይሉ ይከፈታል፣ ፊደሉ ግን ተበላሽቷል» የሚል። ባለጉዳዩ ከዓመታት በፊት በዊንዶውስ ኮምፒውተር ያስጻፈውን የዕድር መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ወይም ውጭ አገር ላለች ልጁ በኢሜይል ይልካል። ሰነዱ በማክ ወይም በሊኑክስ ላፕቶፕ ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የፐርሰንት ምልክት ተደበላልቆ ይታያል። አንዳንዱ ቫይረስ መስሎት ፋይሉን ያጠፋዋል። የጽሑፍ ቤቷ ሠራተኛ «ፎንቱ የለውም፤ መጀመሪያ የተጻፈበት ቦታ ይውሰዱት» ትላለች። እውነቷን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መልስ ዛሬም ድረስ መሰማቱ ነው።

ጥፋቱ የማክም የሊኑክስም አይደለም። ድሮ አንድ ፎንት ለፊደላት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ የዘመኑ ባለሙያዎች ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ አስቀመጡ፤ አንዱ ፎንት ሲሞላ የተረፈውን በሁለተኛና በሦስተኛ ፎንት አኖሩት። አንድ ቃል እንኳ ከሁለት ፎንት ተውጣጥቶ ይጻፍ ነበር። በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጥ እንግዲህ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ ለዐይናችን አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ያን ፎንት የማያውቅ ላፕቶፕ ያገኘውን ኮድ እንዳለ ያሳያል። ይህን የምለው ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። በነበራቸው ጠባብ ቦታ አማርኛን ከኮምፒውተር ጋር ያስተዋወቁ ባለውለታዎቻችን ናቸው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ኮድ ሰጠ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ማክም ከፋ የሚባል ፎንት አለው፤ ለሊኑክስ አቢሲኒካና ኖቶ በነጻ ይገኛሉ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው ሲሻገር የፊደሉ መልክ ወይም የገጹ አቀማመጥ ቢለወጥ እንጂ ንባቡ አይጠፋም። የቀረው ግድግዳ እኛው ያላፈረስነው ነው።

«ፒዲኤፍ አድርጌ ልኬዋለሁ» የሚለው መፍትሔ ብዙውን ሰው ያሳርፋል። እርግጥ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ በየትኛውም ላፕቶፕ ላይ መልኩ ያምራል። ነገር ግን ከአሮጌ ፎንት በተሠራ ፒዲኤፍ ውስጥ አንድ ስም ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም። አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ብትለጥፉት ያው ዝብርቅርቅ ይወጣል። ማየት የተሳነው ዜጋ በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ሲያስነብበው የሚሰማው ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው። መመሪያና ደንብ የሁሉም ዜጋ ናቸው። ሰነዱ በእጁ እያለ ይዘቱን እንዳያውቅ የተደረገ ሰው ተበድሏል፤ በደሉም ቀላል አይደለም።

ሌሎቹ እንቅፋቶች ከዚህ ይልቅ ቀላል ናቸው። በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገን ፍላሽ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም፤ ኤክስፋት የሚባለው ፎርማት ለሁለቱም ይሆናል። ለማክ ብቻ የተዘጋጀ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ እሺ አትበሉ፤ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በማክ ፔጅስ የጻፈ ሰውም ከመላኩ በፊት ወደ ወርድ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ቢቀይረው ተቀባዩን ከብዙ ድካም ያድነዋል።

የአሮጌ ፎንት ነገር ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የታተመ መጽሐፍ ቢያንስ ወረቀቱ አለ። ደራሲው ያለፈ ያልታተመ ረቂቅ፣ የአንድ ማኅበር የሃያ ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ግን ያለው በፋይል ብቻ ሊሆን ይችላል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሥራው የሚሠምረው ፎንቱ ተለይቶ ሲታወቅ ነው፤ ከተቀየረ በኋላም በሰው ዐይን ከዋናው ጋር መመሳከር አለበት። አንዳንድ ፊደል ሊሳሳት ስለሚችል ዋናውን ፋይል ማጥፋት አይገባም።

የሕዝብ መሥሪያ ቤት ከእንግዲህ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ አንድም ሰነድ ማውጣት የለበትም፤ በመዝገብ ቤቱ ያለውንም እንዲቀይር በጀትና ሰው ሊመደብለት ይገባል። እናንተም አንባቢያን፣ ከቆዩ ፋይሎቻችሁ አንዱን ክፈቱና አንድ መስመር ቀድታችሁ በቴሌግራም ወደ ስልካችሁ ላኩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ካልደረሰ፣ ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ሳይበላሽ ሰነዶቻችሁን አስቀይሩ።