አንድ ዓይነት ቤንዚን፣ ብዙ ዓይነት ሞተር

ከጎተራ ተነስቶ በሳሪስ በኩል በሚያልፈው መንገድም ሆነ በመካኒሳ፣ በለቡና በጀሞ አካባቢ ነዳጅ ለመቅዳት የሚሰለፍ አሽከርካሪ ከመደበኛና ከፕሪሚየም ቤንዚን አንዱን የመምረጥ ዕድል የለውም። በሀገራችን መንግሥት የችርቻሮ ዋጋ የሚያወጣለት ቤንዚን አንድ ዓይነት ብቻ ነውና። በአንጻሩ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጎዳናዎች የሚመላለሱት ተሽከርካሪዎች ከጃፓን፣ ከአውሮፓ፣ ከባሕረ ሰላጤው ሀገራትና ከአሜሪካ የመጡ በመሆናቸው በነዳጅ መሙያ ክዳናቸው ላይ የሚነበበው ማሳሰቢያ ይለያያል። አንዱ 87፣ ሌላው 91፣ ሦስተኛው ደግሞ 95 ይላል። ይህ ልዩነት በርካታ ባለንብረቶችን ሲያሳስብ፣ አንዳንዶቹንም ላልተፈለገ ወጪ ሲዳርግ ይስተዋላል።

ቁጥሩ ኦክቴን የሚባለውን መለኪያ የሚያሳይ ሲሆን፣ ትርጉሙም ቤንዚኑ በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለው የመቋቋም አቅም ነው። የነዳጁን ጉልበትም ሆነ ንጽሕና አያመለክትም። ያለ ጊዜው የሚቀጣጠል ነዳጅ በተለይ ዳገት ላይ የማንኳኳት ድምፅ ያሰማል፤ ሲቆይም ፒስተኑን ይጎዳል። የአሜሪካው 87 ከሌሎች ሀገራት 91 ጋር ተቀራራቢ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ የሚለያየው የአለካኩ ዘዴ ነው።

ለመደበኛ ቤንዚን የተሠራ ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን ቢቀዳለት የሚያገኘው ጥቅም የለም። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት የዚያች ሀገር አሽከርካሪዎች ለማያስፈልጋቸው ፕሪሚየም ቤንዚን በ12 ወራት ውስጥ ከ2 ነጥብ 1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማባከናቸውን አመልክቷል። በእኛም ከተማ በብዛት የሚታየው ቪትዝ በጃፓን የሚጠቀመው መደበኛውን ነው።

የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ደግሞ ብዙም የማይነገርለት አንድ ረዳት አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው። በመሆኑም ቱርቦ የሌለው ሞተር ውስጥ የሚፈጠረው እምቅታ ይቀንሳል፤ የኦክቴን ፍላጎቱም አብሮ ዝቅ ይላል። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ከ87 ያነሰ 85 የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ቱርቦ የተገጠመለት ተሽከርካሪ የሚያስገባውን አየር ራሱ ስለሚያምቅ ከፍታው ያን ያህል አይጠቅመውም። ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርድ አሽከርካሪም ይህን ረዳት መንገድ ላይ ትቶት ይሄዳል።

ቤንዚንን ከሌላ ነገር ጋር መቀላቀልም ለከተማዋ አዲስ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል 5 በመቶ ተደባልቆ በአዲስ አበባ መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኢታኖል ኦክቴንን ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን የያዘው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ገደማ ስለሚያንስ 10 በመቶ ሲደባለቅ በሊትር የሚኬደው ርቀት በ3 በመቶ አካባቢ ይቀንሳል። ከፍተኛ ኦክቴን ረጅም መንገድ ያስኬዳል የሚለው እምነት ስህተት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ያለ አይመስልም።

ከኢታኖል በተቃራኒ ነጭ ጋዝ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ኦክቴኑን ያወርዳል። ሲያንኳኳ የማያውቅ ሞተር ነዳጅ በተቀዳ ማግስት ማንኳኳት ከጀመረ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የነዳጁ ጥራት ነው። ደረሰኝ መያዝም የሚጠቅመው ያኔ ነው።

የዋጋው ጉዳይ ስህተትን ውድ አድርጎታል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በታህሳስ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሶ ነበር። በዚያ ዋጋ 40 ሊትር ለመሙላት ከ4 ሺህ ብር በላይ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ላይ ኦክቴን ያሳድጋል የተባለ ጠርሙስ መግዛት በመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚደፈር አይደለም። ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት በአንድ ጋራዥ ምክር ሁለት ጠርሙስ ጨምሮ፣ በኋላ ግን የችግሩ ምንጭ ያረጀ ካንዴላ ሆኖ አግኝቶታል።

ከጥር 2016 ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በመከልከሉ አሁን ያሉት መኪኖች በየዓመቱ እያረጁ ይሄዳሉ። ካርቦን የተጠራቀመበት ያረጀ ሞተር ከአዲሱ ይልቅ ለማንኳኳት ይቀርባል። በመሆኑም የየመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ክፍሎች የተሽከርካሪዎቻቸውን መመሪያ አውጥተው ቢያገላብጡ መልካም ነው። ፕሪሚየም "ይመከራል" የሚል ከሆነ አንኳኩን የሚለየው መሣሪያ የእሳቱን ሰዓት ስለሚያስተካክል ጥቂት ጉልበት ከመቀነስ ያለፈ ጉዳት አይኖረውም። "ግዴታ ነው" የሚል ከሆነ ግን፣ በተለይም ቱርቦ ላለው፣ ከባድ ጭነትና ቁልቁል ወደ ቆላ የሚወስድ ረጅም ስምሪት ለሌላ ተሽከርካሪ ቢሰጥ ይመረጣል።