ገዳዩን ከባሕር ማዶ አትጥሩት

በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከሰላማዊ ሠራተኞች ጋር ተመሳስሎ ስለሚኖር ቅጥር ነፍሰ ገዳይ የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ለመጻፍ የሚያልሙ ተማሪዎች በመካከላችን ጥቂቶች አይደሉም። ምኞቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን የብዙዎቹ ገዳይ ጥቁር መነጽር አድርጎ በኒውዮርክ ጎዳና የሚመላለስ ባዕድ ነው። የቦዲቲ ልጅ ያላየውን ኒውዮርክ ስለ ምን ይጽፋል?

እንዲህ ያለው ታሪክ በገዛ አገራችን ሞልቶ ተርፏል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን፥ አብረው ቡና የጠጡ የሥራ ባልደረቦች እርስ በርሳቸው ተጠቋቁመዋል፤ የፓርቲ ስውር ገዳዮችም ሆኑ የመንግሥት ታጣቂዎች ሰው ጥለዋል። የገደሉትም ለገንዘብ ሳይሆን በዓላማ ስም ነው፤ ለደራሲ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ከየት ይመጣል?

«ከአድማስ ባሻገር» በተባለው ልብ ወለዱ በ1962 ዓ.ም. ብዕሩን ያስተዋወቀው በዓሉ ግርማ ይህን ያውቅ ነበር። በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ኦሮማይ» የአሥመራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ፥ ጠላት የተባለው ከወዳጅ ጋር በአንድ ማዕድ ሊቀመጥ እንደሚችል አሳየ። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

አንባቢን የሚያስጨንቀው የሽጉጡ ዓይነት አይደለም፤ ጧት «እንደምን አደርህ» ያለንን ባልደረባ ማመን አለመቻል ነው። ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት፥ ከመምህራኑ ክፍል፥ ከቦዲቲ ገበያ ጀምሩ።