ቀላሉ ይሻላል

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ የቤታችን ኮምፒውተር አልነሳም አለ። የአያቴ ፎቶዎች ያሉት እዚያ ብቻ ነበር፤ እሷ ደግሞ አርፋለች። እማዬ ጥቁሩን ስክሪን እያየች ዝም አለች።

አዲስ ሃርድ ዲስክ ሲገባ የጎረቤታችን ልጅ ቁልፉ የበዛ የመጠባበቂያ ፕሮግራም ጫነልን። ለማንም ስላልገባ ማንም አልነካውም። በእኔ አስተያየት ቀላሉ ይሻላል። ዊንዶውስ 10 ላይ ፋይል ሂስትሪ የሚባል አለ፤ ክፍያም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ኤክስተርናል ሰክታችሁ አንዴ ካበራችሁት፣ እስከተሰካ ድረስ የተለወጠውን በየሰዓቱ ራሱ ይገለብጣል። ወንድሜ «ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ አይበቃም?» ይላል። ይበቃል፤ መጨረሻ ኮፒ ያደረገው መቼ እንደሆነ ግን ጠይቁት!

እኛ ቤት እሁድ እሁድ ኤክስተርናሉን የምሰካው እኔ ነኝ። ሲጨርስ እነቅለዋለሁ፤ ቫይረስ ከገባ ሁለቱንም እንዳይበላብን።